የልጅነቴን «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ለልጄ ላሳየው?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የመጀመሪያውን «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ሰሞኑን እንደገና አየሁት፤ ጠፈርተኛው ቴይለር ዝንጀሮዎች ሰውን በሚገዙበት ፕላኔት ላይ የሚወድቅበት ፊልም ነው። ልጅ ሆኜ ያየሁት ደሴ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እንግሊዝኛ አልሰማም ነበር። ቴይለርን የሚጫወተውን ቻርልተን ሄስተንን ግን አውቀዋለሁ፤ «አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ላይ ስላየነው እኛ ቤት እሱ ሙሴ ነው። ሙሴን ጉሮሮው ቆስሎ መናገር አቅቶት፣ በአንገቱ ገመድ ገብቶ ሲጎትቱት ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። መጨረሻ ላይ ያቺ ባለ አክሊል ሴት፣ የኒው ዮርኳ የነጻነት ሐውልት፣ ግማሽ አካሏ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስትታይ፣ እኔ ኒው ዮርክን የት አውቄ! ሰውየው ተንበርክኮ መሬቱን በቡጢ ሲደበድብ ወንድሜ ጆሮዬ ላይ «አገሩ ነው እኮ፤ አገሩ ነው የደረሰው» አለኝ። አለቀስኩ።

አሁን ሳየው ከሐውልቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ፍርድ ቤቱ ነው። ቴይለርን ልብሱ ይሸታል ብለው ያስወልቁትና ራቁቱን ያቆሙታል፤ ሰው ስለሆነ በሕግ ፊት ምንም መብት የለውም። ዶክተር ዛየስ የተባለው ዝንጀሮ ደግሞ የሳይንስ ሚኒስትርም የእምነት ጠባቂም እሱው ራሱ ነው። እውነቱን ያውቃል። ዋሻው ውስጥ የምትናገር የሰው አሻንጉሊት ተገኝታ በጆሮው ሰምቷታል፤ ከዚያ ዋሻውን በፈንጂ አስዘጋው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ወገኖቼን አዳንኩ ብሎ ከልቡ ያምናል፤ የሰው ልጅ የራሱን ዓለም እንዳጠፋ ካየን በኋላ ደግሞ ተሳስቷል ለማለት አፍ አይደፍርም።

ጥያቄዬ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ይከብደዋል? ደግሞስ ዝንጀሮዎቹ እንግሊዝኛ እየተናገሩ ቴይለር ምድር ላይ መሆኑን እንዴት አይጠረጥርም?

የመጽሐፍ ሰው፦
እህቴ፣ በሁለተኛው ልጀምር። ፊልሙ የተወሰደበት የፒየር ቡል ልብ ወለድ (1963) ይህ ችግር የለበትም። እዚያ ዝንጀሮዎቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ጀግናው ቁጭ ብሎ ይማረዋል፣ ዚራ የተባለችውን ዝንጀሮ ሳይንቲስት መጀመሪያ የሚያግባባትም የጂኦሜትሪ ቅርጾች ስሎ ነው። በፊልም ይህን ሁሉ ማሳየት ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ተዉት። ቴይለር ግን ከምድር 320 የብርሃን ዓመት ርቆ እንደወደቀ እርግጠኛ ነው። የጠፈር መርከቧ ሰዓት 3978 (እ.ኤ.አ.) ይላል፤ ምድርን ትቷት የወጣ፣ ሰውን የናቀ ሰው ነው። ወደኋላ አያስብም። እኔን ይህ ያሳምነኛል።

የዝንጀሮዎቹ መንደርም በድንጋይ የተሠራው በገንዘብ ምክንያት ነው። የፊልሙ ጸሐፊ የሮድ ሰርሊንግ የመጀመሪያ ጽሑፍ ዘመናዊ ከተማ ነበረው፤ ወጪው ስለበዛ ቀረ። ቢቀርም ተመስገን፤ ያ ጎስቋላ መንደር ነው ፍርድ ቤቱን እንዲህ የሚያስጨንቅ ያደረገው።

ሦስት ልጆች ያሳደግኩ፦
የኔ እመቤት፣ አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ ለሁሉም ዕድሜ ተብሎ ነው የተፈቀደው፤ አንቺ ግን በዚህ ብቻ አትመኚ። ልጅ የሚያስፈራ ሦስት ቦታ አለ፤ ሦስቱም የቴይለር ባልደረቦች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሴቷ ጠፈርተኛ ስቲዋርት በተኛችበት ደርቃ ትገኛለች። ዶጅ ቆዳው ተሞልቶ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ላንደን ደግሞ አንጎሉ ተቀዶ ዓይኑ ብቻ ይንከራተታል፤ የኔን ልጆች እንቅልፍ የነሳቸው እሱ ነው። ደም የለም፣ ግን ሰውየው በቁሙ የለም። አጠገቡ ተቀመጪ እንጂ አትከልክዪው።

ድምፁን ከፍ አድርጉት። የጄሪ ጎልድስሚዝ ሙዚቃ ውስጥ የወጥ ቤት ብረት ጎድጓዳ ሳህን ሳይቀር ይመታል። መጨረሻ ላይ ግን ሙዚቃ የለም፤ የባሕሩ ማዕበል ብቻ ነው። ልጆቼ ስሞቹ ወርደው እስኪያልቁ አልተነሡም።

የመጽሐፍ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽፋኑን ደብቂበት። ብዙዎቹ የዲቪዲ እትሞች ሐውልቷን ፊት ለፊት ለጥፈዋታል፤ ይህን ያደረገ ሰው ፊልሙን አይወደውም።

የደሴ ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እናየዋለን። የላንደንን ነገር አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ሽፋኑን አላሳየውም። እሱ እንደኔ አይደለም፣ ሐውልቷን ያውቃታል፤ ወንድሜ ያለኝን ማንም ሊለው አያስፈልግም። ስለ ዛየስ ግን ምንም ሳልል፣ ዋሻውን መዝጋት ነበረበት ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።