የልጄ ሰማያዊ ዓይን ፀሐይ አልቻለም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ። ግራ ዓይኗ እንደኛው ቡናማ ነው፤ ቀኙ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰማያዊ ነው። ዓይን ሐኪም አይቷታል፣ ጆሮዋም ተመርምሯል፤ ማየቷም መስማቷም ደህና ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ዓይኗ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ለዓይን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ቀለም ስላነሰ ብርሃኑ ሲበተን ነው ሰማያዊ የሚመስለው። ብርሃንን የሚጋርደውም ያው ሜላኒን ስለሆነ ያ ዓይኗ ፀሐይ ይከብደዋል።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳት ምንም አትልም። በ6 ሰዓት ስንመለስ ግን ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በሌላ እጇ ነጠላዬን ጨብጣ ነው የምትሄደው። አንጀቴን ትበላዋለች። ደሴ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዓይን የሚጎዳው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ይበረታል።

ሰፊ ባርኔጣ ገዛሁላት፣ ጠቅሟታል። ከፒያሳ መንገድ ዳር "ዩቪ 400" (አልትራቫዮሌት ያግዳል ለማለት ነው) የሚል ተለጣፊ ያለበት ጥቁር መነጽርም ገዛሁ። ቆይቼ ሳይ ግን እዚያው የተደረደሩት ሁሉ፣ የልጆች መጫወቻው ሳይቀር፣ ያንኑ ተለጣፊ ለጥፈዋል። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር መነጽር ደግሞ ባዶ ዓይን ከመሆን ሊብስ ይችላል። ጨለማው የዓይን ብሌንን ስለሚያሰፋው ብዙ ጨረር ይገባል። ስለዚህ አስወለቅኳት።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ መነጽር አልትራቫዮሌት ማገድ አለማገዱን በመሣሪያ ለክቶ የሚያሳይ መነጽር ቤት የምታውቁ አላችሁ?