ለትንሽ ጓሮ የትኛው አኻያ ይሻላል? (ለለንደንና አካባቢዋ ነዋሪዎች)

ቅርንጫፉ ወደ መሬት የሚንዠረገገውን ዛፍ ለጓሯችሁ ለምትፈልጉ፣ ምክሬ ይህ ነው፤ ትልቁን ተዉት፣ ኪልማርኖክ የተባለውን ትንሽ አኻያ ግዙ።

ትልቁ የምለው በየመናፈሻው ኩሬ ዳር የምታዩትን ወርቃማ አኻያ ነው። ቁመቱ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የለንደን አፈር በአብዛኛው ሸክላ ስለሆነ ዛፉ ውኃውን ሲመጥጠው አፈሩ ይኮማተራል፣ የቤት መሠረትም ይሰነጠቃል። የብሪታንያ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ማኅበር ለአኻያ ያስቀመጠው ከቤት የመራቂያ ርቀት 40 ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ጓሮ ያለው ማን ነው?

ዝናው ግን በከንቱ አልመጣም። ከወላጆቹ አንዱ የቻይና ዛፍ ሲሆን የስዊድኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «የባቢሎን አኻያ» ብሎ ሰየመው፤ እስራኤላውያን በባቢሎን ወንዞች ዳር መሰንቋቸውን የሰቀሉበት እሱ መስሎት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የዕፅዋት ተመራማሪዎች የመዝሙሩ ዛፍ የኤፍራጥስ ፖፕላር የተባለ ሌላ ዛፍ ነው ይላሉ። ናፖሊዮን በ1821 በሴንት ሄለና ደሴት ከአኻያዎች ሥር ሲቀበር ደግሞ ጎብኚዎች ከመቃብሩ ቀንበጥ እየቆረጡ በየአገራቸው ተከሉት። አኻያ እርጥብ አፈር ውስጥ የተሰካ ቀንበጡ በቀላሉ ሥር ስለሚያወጣ ነገሩ አላስቸገራቸውም።

ኪልማርኖክ ሌላ ዝርያ ነው። በስኮትላንድ ኤር (Ayr) በተባለ ወንዝ ዳር ተገኝቶ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገበያ ላይ ዋለ፤ ስሙንም ያገኘው ከሸጠው ነጋዴ ከተማ ነው። ለብቻው ቢተከል መሬት ላይ ይሳባል። ስለዚህ ቀጥ ባለ የሌላ አኻያ ግንድ አናት ላይ አያይዘው ያሳድጉታል፤ ቁመቱም ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። በመጋቢት አካባቢ ቅጠሉ ሳይወጣ ብርማ ጸጉር የለበሱ እምቡጦች ያወጣል፣ ኋላም ቢጫ ዱቄት ይነሰንሳሉ። እንግሊዞች ይህን የመሰለ የአኻያ ቀንበጥ በሆሳዕና ዕለት በዘንባባ ፈንታ ይይዙ ነበር።

ሀኩሮ ኒሺኪ የተባለው ጃፓናዊ አኻያ በሮዝና በነጭ ቅጠሉ ዓይን ይማርካል፤ ሆኖም በብርዱ ወራት ማብቂያ በደንብ ካልተገረዘ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጠራራ ፀሐይም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ጠመዝማዛው አኻያ ለአበባ ማስቀመጫ ያምራል እንጂ እሱም ትልቅ ዛፍ ሆኖ ያድጋል።

የት እንግዛ ላላችሁ፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ የሚደረደረው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ግንዱና አናቱ የተያያዙበትን እብጠት በጣታችሁ ዳስሱ። ከተሰነጠቀ ወይም ከተላላ ተዉት። የችግኝ ጣቢያ ዋጋው ቢወደድም ማሰሮውን ገልብጠው ሥሩን ያሳዩአችኋል። በብርድ ወራት ያለ አፈር የሚሸጠው ካገኛችሁ እሱ ይረክሳል።

ከተከላችሁ በኋላ ከግንዱ ጎን የሚፈላውን ቀንበጥ ሁሉ ወዲያውኑ ቁረጡት፤ የሥረኛው ዛፍ ስለሆነ ዝም ካላችሁት የላዩን ይውጠዋል።