ቤዝ የሌለው ባንድ ቤት ውስጥ የቀዳውን ምን ብሎ ሚክስ ያድርገው?

ክራር ከአዘዞ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ነን። እኔ ክራር እመታለሁ፣ አንዱ ማሲንቆ፣ አንዱ ከበሮ፣ የከበሮው እህት ደግሞ ትዘፍናለች። ቤዝ ጊታር የሚጫወትልን ልጅ ነበረ። ጥምቀትን አብሮን ሠራና አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ጊታሩንም ይዞት ሄደ። የራሱ ነው፣ ምን ይባላል።

የምንቀዳው አክስቴ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በሩ ላይ ሁለት ጋቢ እንሰቅላለን። ማይክ ያለን አንድ ስለሆነ ተራ በተራ ነው፤ መጀመሪያ ከበሮ፣ ከዚያ ክራር፣ ማሲንቆ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ። ላፕቶፑ ላይ ሪፐር የሚባለውን የመቅጃና የሚክስ ፕሮግራም ጭኛለሁ።

በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደህና ነው። ትናንት የሰፈራችን ልጅ ባጃጅ ውስጥ ስንከፍተው ግን ሥር የለውም፤ ሁሉም ነገር ላይ ላይ ይንጫጫል። ማሲንቆውና ዘፋኟ ይጋፋሉ። ታቹን ልሙላ ብዬ ክራሩን 80 ሄርትዝ ላይ (ሄርትዙ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል) በ9 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁት። ባሰበት፣ ድው ድው ብቻ ሆነ። አንዱ ደግሞ «በገና ጨምሩበት፣ ወፍራም ነው» አለን። ምን ትሉኛላችሁ?

ግራ እጅ

ኪቦርድ። ቤዙን በግራ እጅ ሙላው፣ አለቀ።

ክራር ከአዘዞ

ኪቦርድ ቢኖረን እኮ አልጠይቅም ነበር።

ሚክሰሩ

ወንድሜ፣ ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለይቶ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይወልድም። የክራርህ ወፍራም ክር ስንት ሄርትዝ ላይ ነው? በቲዩነር እየው። ከ100 በላይ ከሆነ 80 ላይ ያጎላኸው ክሩን አይደለም፤ ክራሩን ያስደገፍክበትን ጉልበትህንና የጠረጴዛውን ንዝረት ነው። ቤዝ ጊታር እኮ ዝቅተኛው ክሩ 41 ሄርትዝ ነው።

ያንን 9 ዴሲቤል አጥፋው። ከዚያ ክራሩን ለቤዝ ብለህ እንደገና ቅዳ። ድሮ የቀዳኸውን ኮፒ አታድርግ። ክሮቹን አንድ ላይ የጠረግክበትን ትራክ ወደ ታች ካወረድከው ጭቃ ይሆናል። አንድ ክር ብቻ፣ በአውራ ጣት፣ ረጋ ብለህ ምታ። ዘፈናችሁ ትዝታ ከሆነ መነሻው ድምፅና አምስተኛው ይበቃሉ። ትራኩን 12 ሴሚቶን አውርደው፤ አንድ ኦክታቭ ማለት ነው፣ ሄርትዙ በግማሽ ይወርዳል። ሪፐር ውስጥ ሪያፒች የሚባል አለ፣ እሱ ይሠራልሃል።

አሁን የባጃጁ ነገር። ትንሽ ስፒከር 70 ሄርትዝን አያወጣውም፣ ብትገፋውም አያወጣውም። ስለዚህ ለዚህ ትራክ ድምፁን ትንሽ የሚያሻክር ቀለል ያለ ዲስቶርሽን ስጠው፣ ሳቹሬሽን የሚሉትን። የ70ው ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ፣ 140 እና 210 ላይ ድምፅ ይወልድልሃል። ጆሮ እነዚህን ሲሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል።

ከዘፋኟ ላይ ከ100 በታች ያለውን ቁረጥ። ከማሲንቆው ከ150 በታች። ድምፃቸው እዚያ የለም፤ ያለው የክፍሉ ጉርምርምታ ነው። ሁለቱ የሚጋፉት ግን በኢኪው ብቻ አይፈታም። ማሲንቆው እሷ ስትዘፍን ዝም ይበል፣ ስትተነፍስ ይመልስላት። ልማዱም እንደዚያ ነው።

የኪነት ጊዜ

እኔ ሚክስ አላውቅም። በኪነት ጊዜ ግን ከበሮ መትቻለሁ። አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ቤቱን ሙሉ ሲያስጨፍር «ቤዙ የታለ?» ያለ ሰው አላየሁም። ግን ዘመኑ የናንተ ነው።

ልጄ፣ ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ማይኩን በየትኛው በኩል ነው ያቆማችሁት? ትልቁን ፊት ካልቀዳችሁ ቤዛችሁን ሜዳ ላይ ጥላችሁታል። አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን። ቆዳው ከረገበ መጀመሪያ ፀሐይ አሙቁት። በዝናብ ቀን አትቅዱ፤ ቆርቆሮውም ቆዳውም እንቢ ይላችኋል።

በገናውን ተዉት። አሥሩም አውታር ለጸሎት ነው። ለዘፈን አውጥታችሁ ከእናቶቻችሁ ጋር አትጣሉ።

ክራር ከአዘዞ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማይኩ ትንሹ ፊት ላይ ነበር! ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ደስ ብሎን።

ቅዳሜ ሁሉንም ከእንደገና ቀዳን። ሚክሰሩ፣ ልክ ነህ፤ ወፍራሙ ክሬ 147 ሄርትዝ ነው። 80 ላይ ያጎላሁት የራሴን ጉልበት ነበር ማለት ነው።

አዲስ ጣጣ ግን መጣ። የከበሮው ትልቁ ፊት የራሱ ቃና አለው ለካ። ከወረደው ክራር ጋር ሲገጥም ዉ ዉ ዉ እያለ ይወዛወዛል፣ ልክ ሁለት ክር ለጥቂት ሲሳሳት እንደሚሆነው። አንድ ሰዓት ያህል ኢኪው ስነካካ ከቆየሁ በኋላ ከበሮ መቺያችን ሰለቸውና «ክራርህ መቃኛ የለውም እንዴ?» አለኝ። አፈርኩ። አምስቱንም ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ከበሮውን ተከተልኩ። ውዝወዛው ጠፋ። ማሲንቆውም አብሮ ወረደ። በጣም የተደሰተችው ዘፋኟ ናት፤ ላይኛውን እየጮኸች ነበር ስታወጣው የከረመችው፣ ለማናችንም አልነገረችም እንጂ።

ቤዙን ሁሉም ቦታ አላስገባሁትም። መግቢያው ላይ ክራርና ማሲንቆ ብቻ ናቸው፤ አዝማቹ ሲመጣ ይገባል። ሲገባ ይታወቃል።

ባጃጁ ውስጥ ሞከርነው። ልጁ ዝም ብሎ እስከ ፒያሳ ነዳ። ፒያሳ ስንደርስ «ቀንሱት፣ ሸራው እየተርገፈገፈብኝ ነው» አለ። ቤዙን 2 ዴሲቤል ቀነስኩለት። አሁን መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑም ባትሪው ሞቷል። ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።