የዕቅድ ውይይት፦ የአንደኛ ደረጃ ወንድ መምህራን በእኛና በሌሎች አገሮች

ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ጥያቄ ይህ ነው፦ በሰሜን ሸዋ የአንደኛ ደረጃ ወንድ መምህራን ቁጥር ከጣልያን፣ ከጃፓን፣ ከእንግሊዝና ከቻድ ጋር ሲተያይ ምን ይመስላል? በዓለም ደረጃ ከሦስት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ጣልያን ውስጥ ወንዱ ከ100 አምስት ገደማ ነው፤ ጃፓን ከሲሶ ይበልጣል፤ ቻድ ግን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እርማታችሁን አምጡ።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ምርጫው ደግ ነው። «ቁጥር» የሚለው ይውጣና «ድርሻ» ይግባ፤ የጃፓንን ሕዝብና የአንድ ዞንን ሕዝብ በቁጥር ማስተያየት ትርጉም የለውም። የአገሮቹን አኃዝ የምንወስድበት ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ መቶኛውን የሚሰጠው ለሴቶች ስለሆነ የወንዱን ለማግኘት ከ100 ይቀነሳል። ሌላው፣ «አንደኛ ደረጃ» በየአገሩ ይለያያል። ጣልያን 5 ዓመት ነው፣ ጃፓን 6። ጀርመን በአብዛኞቹ ክልሎቿ 4 ሲሆን በርሊንና ብራንደንቡርግ 6 ነው፤ ስለዚህ ጀርመን አለመግባቷ ይሻላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኛው ትርጉምም ተቀይሯል እኮ። በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1 እስከ 8 ነበር፤ በ2015ቱ ከ1 እስከ 6 ሆኖ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተባሉ። የ2013ን አኃዝ ከ2016 ጋር ዝም ብለን ብናስተያይ ወንዶች በድንገት የቀነሱ ይመስላል። የላይኛዎቹን ክፍሎች በትምህርት ዓይነት የሚያስተምሩት በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ፣ እነሱ ከስሌቱ ሲወጡ ድርሻው ይወርዳል፤ ሥራውን የለቀቀ ግን ላይኖር ይችላል። መረጃው በደረጃ ሳይሆን በክፍል ተለይቶ ይጠየቅ። 6ኛንም 7ኛንም የሚያስተምር መምህር ብዙ ክፍለ ጊዜ ባለው በኩል አንዴ ብቻ ይቆጠር።

ከአንኮበር፦ እህታችን ያሉት ይጻፍ። እኔ የምጨምረው ስለ እንግሊዝ ነው። እዚያ ወንዱ ከ100 አሥራ አራት ገደማ ነው የሚባለው አኃዝ አጸደ ሕጻናትን ከአንደኛ ደረጃ ጋር ደርቦ የያዘ ነው። ወይ የእኛን የአጸደ ሕጻናት መምህራን ለዚያ ረድፍ ብቻ እንጨምር፣ ወይ እንግሊዝ ትውጣ። እኔ ትውጣ ባይ ነኝ።

ዓመቱም ያሳስታል። የእኛ የ2015 የትምህርት ዘመን በነሱ 2022/23 ነው፤ ዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ የትምህርት ዘመኑ በሚያልቅበት ዓመት ስለሚጠራው 2023 ሥር ይፈለጋል። በ2015 ላይ ሰባት ብቻ የደመረ ሰው የሌላ ዓመት አኃዝ ያነሳል።

ከመሐል ሜዳ፦ መቶኛዎችን ደምሮ ለትምህርት ቤቶቹ ብዛት ማካፈልም ይከልከል። አንዱ ትምህርት ቤት 4 መምህራን አሉት፣ ሁሉም ወንድ፤ 100 በመቶ። ሌላው ከ36ቱ 12 ወንድ፤ 33 በመቶ። አማካዩ 67 ሊባል ነው። ትክክለኛው ግን 16 ከ40፣ ማለትም 40 በመቶ ነው። በርቀት ያሉት የመንዝ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የዞኑን ስሌት የሚያዛቡት እንዲህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ከተማና ገጠር ለየብቻ ይሁን፤ ሴት መምህራን ወደ ከተማው ስለሚያመዝኑ አንድ ድምር ልዩነቱን ይደብቀዋል። ደግሞ ረቂቁ ላይ «ወንድ መምህር ሲበዛ የወንድ ልጆች ውጤት ይሻሻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቻለሁ። ለዚህ ጽኑ ማስረጃ የለም። ይሰረዝ እላለሁ፤ ማኅበራችን መሟገት ያለበት ሊያሳይ በሚችለው ነገር ነው።

ጸሐፊ፦ ተሰርዟል፤ እንግሊዝም ወጥታለች። ቅጹ እንዲህ ይሁን፦ ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ ከተማ ወይም ገጠር፣ ክፍል፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። የማያስተምር ርእሰ መምህር አይቆጠር። ወንድና ሴት ተደምረው ድምሩን ካልሰጡ ቅጹ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለስ፤ በግምት አይሞላ። አንኮበርና መሐል ሜዳ ቅጹን በ5 ትምህርት ቤቶች ሞክሩልኝ፤ የማይገባ ዓምድ ካለ ከማባዛታችን በፊት እናስተካክለው።