ለቪኤ ክሌይም (የጉዳት ካሳ ማመልከቻ) የግል ሐኪም ደብዳቤ፦ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምክር ፈልጌ ነበር

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በአሜሪካ ጦር ስድስት ዓመት መካኒክ ሆኜ አገልግዬ ወጥቻለሁ። ለቀኝ ጉልበቴ ከቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) 10 በመቶ የአካል ጉዳት ደረጃ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በማነከስ ብዛት ወገቤ ተበላሸ ብዬ ባመለክት፣ ቪኤ የላከኝ ሐኪም አሥር ደቂቃ አይቶኝ «ወገቡን ያመጣው ጉልበቱ አይደለም» ብሎ ጻፈና ተከለከልኩ። ውሳኔው ስምንት ወር ሆኖታል። አሁን አንድ ድርጅት ወገቤን የጎዳው ጉልበቴ ነው የሚል የሐኪም ደብዳቤ በ1,800 ዶላር እናስጽፍልህ፣ ከተሳካ ደግሞ የአምስት ወር ጭማሪህን (በየወሩ የሚጨመርልህን ክፍያ) ትሰጠናለህ ይለኛል። ባለቤቴ አትክፈል እያለች ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማ። ሐኪም መዝገብህን አንብቦ ለጻፈበት ቢያስከፍል ያለ ነው፤ ነውር የለውም። «የአምስት ወር ጭማሪ» ግን ሌላ ነገር ነው። በክሌይም ሥራ ላይ ክፍያ መቀበል የሚችለው ቪኤ ፈቃድ የሰጠው ጠበቃ ወይም ኤጀንት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ። የአርበኞች ማኅበራት ተወካዮች ደግሞ በነፃ ይሠሩልሃል። ድርጅቱን ፈቃድህን አሳየኝ በለውና መልሱን ስማ።

እኔ አንድ ዓመት ያቃጠልኩት በደብዳቤ ነው። ሐኪሜ የአገራችን ልጅ፣ ደግ ሰው፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበለኝ ሁለት መስመር ጻፈልኝ፦ ሕመሙ ከውትድርናው ጋር «ሊያያዝ ይችላል»። ደስ ብሎኝ አስገባሁት። ቪኤ «ሊሆን ይችላል» ለሚል ቃል ክብደት አይሰጥም፤ ሊሆን የሚችል ነገር ላይሆንም ይችላላ። የሚፈለገው ቃል «አት ሊስት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት» ነው፤ የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ አያንስም እንደ ማለት። ሚዛኑ እኩል ከሆነ ሕጉ ለአንተ ያደላል።

ይህን ቃል ቀድቶ መጻፍ ብቻ ግን አይበቃም። የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. በኒቭስ ሮድሪገዝ ጉዳይ እንዳለው፣ የሐኪም አስተያየት ክብደቱ ያለው በምክንያቱ ላይ ነው። ለዓመታት ያከመህ ሐኪም ስለሆነ ብቻ ቅድሚያ አያገኝም፤ የስፔሻሊስት ማዕረግም ባዶ ድምዳሜን አያድንም። የታሪኩ መነሻ ስህተት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይናዳል። መዝገብህ ጉልበትህን የጎዳኸው ስትሮጥ ነው እያለ ደብዳቤው ከመኪና ወደቀ ካለ፣ የቀረውን የሚያነብልህ የለም።

አንተ ጋ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የእነሱ ሐኪም ጉልበቱ ወገቡን «አላመጣውም» ብሏል። አላባባሰውም ብሏል ወይ? ሁለቱ ለየብቻ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ወገብህ በሌላ ምክንያት ቢታመምም ጉልበትህ ካባባሰው ያባባሰው ያህል ይታሰብልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምርመራውን ሪፖርት ቅጂ ጠይቅ። ማባባስን ዘሎት ከሆነ፣ ሐኪምህ የሚመልሰው እዚያችው ላይ ነው፤ ገጽ ማብዛት አያስፈልገውም።

ባለቤትህም በፎርም 21-10210 ምስክርነት ትጻፍልህ። የወገብህን ሕመም ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምታነክስ፣ ከመቼ ጀምሮ ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ እንደምትይዝ ግን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም ይህን አንብቦ ይጥቀሰው።

ሌላ ተሳታፊ፦
ጣልቃ ልግባና፣ እኔ አፍጋኒስታን ባግራም ነበርኩ። ከወጣሁ በኋላ አስም ያዘኝ። ለዚህም ደብዳቤ ልግዛ?

መልስ፦
እህቴ፣ አትግዢ! ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ፣ እዚያ ላገለገለና ከዚያ በኋላ አስም ለተገኘበት ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር መያያዙን ራሱ ይቀበላል። ምርመራሽንና የአገልግሎት ወረቀትሽን አቅርቢ። ፒቲኤስዲም (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ካለሽ አስቢበት፦ መነሻው የጠላት ጥቃት ፍርሃት ከሆነ፣ ያንን ማረጋገጥ ያለበት የቪኤ ወይም ቪኤ የቀጠረው ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት ነው። የግል ሐኪም ማስረጃ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ያንን ቦታ አይተካም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንደገና ለማመልከት ከውሳኔው ዓመት እስኪሞላ አራት ወር ቀርቶኛል ማለት ነው?

መልስ፦
አዎ። ሰፕሌመንታል ክሌይሙን (አዲስ ማስረጃ ይዞ የሚቀርበውን ማመልከቻ) በፎርም 20-0995 ዓመቱ ሳይሞላ ካስገባህ፣ ስታሸንፍ ክፍያው ወደ መጀመሪያው ማመልከቻህ ቀን ይመለስልሃል። ካለፈህ የዚያ ሁሉ ወር ክፍያ ያመልጥሃል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የክልከላ ደብዳቤውን፣ የእነሱን ምርመራና የጦር ሕክምና መዝገብህን በቀን ቅደም ተከተል ይዘህ ሂድ፤ የጉልበቱን ገጾች በቀለም አስምርባቸው። የኤምአርአይ ሲዲ ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ፤ የጽሑፍ ሪፖርቱን አሳትመው።