«መቅሠፍት ወደ ቤትህ አይገባም» እየተባለ መከራው ከገባስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ የዕለቱን ዳዊት ሳታደርስ አትተኛም፤ ከማኅደሩ የምታወጣው መጽሐፏ ዳርና ዳሩ በጣቷ ወዝ ጠቁሯል። መዝሙር 90 ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ የማድረግ ልማድ አላት። ባለፈው ዓመት ግን ገብሳችንን ውርጭ መታው፤ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ታሞ ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም፥ መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም» የሚለውን ሳነብ አንደበቴ ይያዛል። ሳልዋሽ እንዴት ላንብበው?

መልስ 1፦
ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ይህን መዝሙር «ምንም አይነካህም» የሚል ውል አድርጎ የጠቀሰው ማን እንደ ሆነ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ይመልከቱ። ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ፣ መላእክቱን ያዝዝልሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር ያለው ፈታኙ ነው፤ የጠቀሰውም ከዚሁ መዝሙር ነው። ደግሞስ መከራ ጭራሽ የማይደርስ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥር 15 ላይ «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ማለት ለምን ያስፈልግ ነበር? (የዕብራይስጡን አቈጣጠር በሚከተሉ ኅትመቶች ይህ መዝሙር 91ኛ ስለ ሆነ ሲፈልጉ እንዳይደናገሩ።)

መልስ 2፦
እኔ የምጨምረው ስለ አደጋገሙ ነው። እናትዎ የዕለቱን የሚያደርሱ ከሆነ 90ን ነጥለው አይደግሙትም። ዳዊት በዐሥር በዐሥር መዝሙር ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ንጉሥ ይባላል፤ የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 110 ያሉት ሦስት ንጉሥ ናቸው። 90 የመጀመሪያው ንጉሥ መዝጊያ ሲሆን፣ እዚያው ንጉሥ ውስጥ ሦስት መዝሙር ቀደም ብሎ 87 አለ። እርሱ ነፍሴ መከራን ጠግባለች፣ ፊትህን ለምን ከእኔ ትመልሳለህ እያለ ይጮኻል፤ እስከ መጨረሻውም አንድ የመጽናኛ ቃል የለውም። እንግዲህ በሥርዓቱ የሚደግም ሰው በ87 ሳያልፍ 90 ላይ አይደርስም ማለት ነው። የሚወዱትን መዝሙር ብቻ ነጥሎ በስልክ ማንበብ (እኔም የማደርገው ነው) ይህን ያስቀራል።

መልስ 3፦
መዝሙር 17 «እግዚአብሔር ዓለቴ፥ አምባዬ» ይላል፤ አምባ ምን እንደ ሆነ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹን አይተው ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ውለው ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዱና ከዐለቱ እርከን ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ውርጩ እዚያም ያገኛቸዋል፤ ጅብ ግን አይደርስባቸውም። እኔ መጠጊያ የሚለውን ቃል በዚህ መልክ ነው የምረዳው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሐሙስ ስለ ነበር ለእናቴ ማታ ደወልሁላትና እስክትጨርስ ድረስ በስልኩ አዳመጥኋት። 87ን በሹክሹክታ አለፈችው፤ 90 ላይ እንደ ልማዷ ድምፅዋ ከፍ አለ። ያኛውን ለምን ዝቅ አድርገሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ብጠይቃት፣ «እሱ የእኔና የእግዚአብሔር ነው፤ ይሄኛውን እናንተም እንድትሰሙት ነው» አለችኝ።