እናቴ የኮሌስትሮል መድኃኒቷን ልታቆም ነው፤ ምን ብዬ ላስረዳት?

በሕክምናና በመድኃኒት ሙያ ላይ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ የልብ ደም ሥሯ በመጥበቡ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ 40 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ትወስዳለች፤ ወንድሟ በቆሽት ካንሰር ካረፈ ወዲህ ግን ዘመዶቻችን «በሽታውን ያመጣበት የኮሌስትሮል ክኒን ነው» ስላሏት ልታቆመው ተነሥታለች።

እኔ ያነበብኩት ከዚህ የተለየ ነው። የሕክምና መዝገቦችን በማነጻጸር የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ስታቲን (አቶርቫስታቲን የሚገኝበት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ቡድን) በሚወስዱ ሰዎች ላይ የቆሽት ካንሰር አነስ ብሎ መታየቱን ሲያመለክቱ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመውና ታካሚዎችን በዕጣ የደለደሉ 27 ሙከራዎችን ያጠቃለለው ትንተና ግን መድኃኒቱ ለአምስት ዓመት ያህል ሲወሰድ በአጠቃላይ ካንሰርን እንደማይጨምርም እንደማይቀንስም አሳይቷል። ያልገባኝ ልዩነቱ ነው፤ አምስት ዓመት ለዓመታት ተደብቆ ለሚያድግ ካንሰር ስለሚያጥር ይሆን፣ ወይስ ካንሰሩ ገና ሳይታወቅ ኮሌስትሮልን ስለሚያወርድ ታማሚዎቹ መጀመሪያውኑ ስታቲን ሳይታዘዝላቸው ቀርቶ?

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ደግሞ በቅርቡ የደም ስኳሯ ከፍ ማለቱ ነው። ስታቲን ስኳርን በመጠኑ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ይታወቃል፤ ዕድሜ ከገፋ በኋላ በድንገት የሚጀምር ስኳር ግን፣ በተለይ ያለ ምክንያት ከመክሳት ጋር ሲመጣ፣ አልፎ አልፎ የቆሽት ካንሰር ምልክት ይሆናል። እርግጥ እናቴ አልከሳችም፣ ሆዷንም ሆነ ጀርባዋን አያማትም፣ ዓይኗም ቢጫ አልሆነም።

እንዲህ ባለ ሁኔታ የቆሽት ምርመራ ያስፈልጋታል? የወንድሟስ መታመም ብቻውን የእርሷን ሥጋት ምን ያህል ይለውጠዋል? ለልቧ የሚያስፈልጋትን ክኒን ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጥ የምነግራትን፣ እርሷ በምትረዳው መንገድ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።